ሆድ ማለት ሆድ አይደለም፦ ካባላን ከአማርኛ ተነስቶ መጀመር

አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ካባላ (የአይሁድን ምሥጢራዊ ትምህርት) ሲጀምር የሚያሰናክሉት የሚያውቃቸው የሚመስሉት ቃላት ናቸው። ፍጹም እንግዳ የሆነ ቃል ቢያንስ መዝገበ ቃላት ያስገልጣል። «ኔፌሽ» ግን ነፍስ ነው፤ ሥሩም ድምፁም አንድ ስለሆነ ማንም ቆም ብሎ አይጠይቅም። እኛ ነፍስ ስንል ከሥጋ የምትለየውን፣ ወደ ላይ የምትሄደውን ማለታችን ነው። ካባላ ውስጥ ኔፌሽ ከአምስቱ የነፍስ ደረጃዎች የታችኛው ነው፤ ሥጋን የሚያንቀሳቅሰው፣ ከደም ጋር የሚኖረው። ከሱ በላይ ሩአሕ፣ ኔሻማ፣ ሓያና የሒዳ አሉ። «ማልኩት» ስንሰማም «መለኮት» ትዝ ይለናል። እውነትም ቃላቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ነገር ግን ማልኩት ከአሥሩ ሴፊሮት፣ ማለትም አምላክ ከሚገለጥባቸውና በዛፍ አምሳል ከሚሣሉት አሥር ባሕርያት፣ የመጨረሻዋ ናት። የራሷ ብርሃን የላትም፤ ከላይ የመጣላትን ተቀብላ ለዓለም ታስተላልፋለች። መለኮት ብሎ ያነበባት ሰው ዛፉን ዘቅዝቆ ነው የያዘው። ስለ «ሆድ» ብዙ አልልም፤ እሱም ከሴፊሮቱ አንዱ ነው፣ ግርማ ማለት ነው፣ ቦታውም ግራ እግር ነው።

እኔን የረዳኝ ተራ ደብተር ነው። ገጹን በሦስት ዓምድ ከፍዬ በመጀመሪያው የዕብራይስጡን ቃል፣ በሁለተኛው ቃሉ በዚያ ገጽ ላይ የሚሠራውን ሥራ፣ በሦስተኛው መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ ያቃጨለውን አማርኛና የት እንደሚያሳስት እጽፋለሁ። በሳምንት አምስት ቃል ይበቃል። አሥርና አሥራ አምስት የታጨቀበት ሳምንት በወሩ መጨረሻ ሲገለጥ እንደ አዲስ ይነበባል።

አሥሩን ስሞች ለመያዝ የዛፉን ሥዕል ከመሸምደድ ጥቅሱን መያዝ ይቀላል። 1ኛ ዜና መዋዕል 29፥11 ላይ ዳዊት ሲጸልይ ታላቅነትን፣ ኃይልን፣ ክብርን፣ ድልንና ግርማን ይዘረዝራል። ታላቅነት ሄሴድ ነው፣ ማለትም ቸርነት። ኃይል ጌቩራ፣ ክብር ቲፍኤሬት፣ ድል ኔጻሕ፣ ግርማ ሆድ ናቸው። «በሰማይና በምድር ያለው ሁሉ» የሚለው ለየሶድ፣ ለመሠረቱ ይቆማል። «መንግሥት» ማልኩት ናት። ከላይ ኬቴር (ዘውድ)፣ ሆኽማ (ጥበብ) እና ቢና (ማስተዋል) ሲጨመሩ አሥር ሞላ። የሰውነቱን አቀማመጥ ለማወቅ ደግሞ «ፓታሕ ኤሊያሁ» የሚባለውን አጭር ጽሑፍ ማንበብ ነው፤ በስፋራዲም (ከስፔን በወጡት አይሁድ) የጸሎት መጻሕፍት ውስጥ ስለሚገኝ ለብቻው መግዛት አያስፈልግም። ሄሴድ ቀኝ ክንድ፣ ጌቩራ ግራ ክንድ፣ ቲፍኤሬት ደረትና ግንድ፣ ኔጻሕና ሆድ ሁለቱ እግሮች፣ ማልኩት አፍ እያለ ይሄዳል። ያው ጽሑፍ ወዲያው ደግሞ አምላክ ራሱ አካልም ቁጥርም እንደሌለው ያስጠነቅቃል። ብዙ ጀማሪ ሥዕሉን ይዞ ማስጠንቀቂያውን ይጥላል።

ምን ይነበብ? በቅድሚያ ዞሃር አይነበብ። ዞሃር የካባላ ዋናው መጽሐፍ ነው፤ የተጻፈውም በአብዛኛው በአራማይክ ነው። የሚናገረውም ኦሪትን ቁጥር በቁጥር ለሚያውቅ ሰው ነው፤ «ያው እንደምታውቀው» ብሎ ያልፍሃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኦሪት ዘፍጥረት ከምዕራፍ 1 እስከ 3፣ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1 እና መኃልየ መኃልይ ይበቃሉ፤ በቀን 25 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ አንድ ጥሪት አለው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ ምዕራፍ 14 ላይ የእሳትና የበረድ ቤት፣ በውስጡም ዙፋኑ ይታያል። ካባላ ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበረው የሠረገላው ራእይ ወግ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ሕዝቅኤልንና ይህን ምዕራፍ ጎን ለጎን ማንበብ ነው። ይህ ግን ካባላ ከኢትዮጵያ ወጣ ማለት አይደለም። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግእዝ ይዘው ያለ ታልሙድ የኖሩ ናቸው፤ የካባላ መጻሕፍት በእነርሱ ዘንድ አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ «ቶሜር ዴቮራ» ይመጣል። የጻፈው በገሊላ ያለችው የጽፋት ከተማ ሊቅ ሙሴ ኮርዶቬሮ (1522–1570) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1588 በቬኒስ ታተመ። አሥር ምዕራፎች ብቻ አሉት፣ ቋንቋው ግልጽ ዕብራይስጥ ነው። ለእኔ ከሁሉም የተሻለው የጀማሪ መጽሐፍ ይህ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሚክያስ 7፥18–20ን ይዞ 13 የምሕረት ባሕርያትን ይተነትናል። አንድ ባሕርይ ለአንድ ሳምንት፣ በጠቅላላው 13 ሳምንት።

የመጀመሪያውን ብቻ ቀረብ ብለን እንየው። «እንደ አንተ ያለ አምላክ ማን ነው» በሚለው ላይ ኮርዶቬሮ የሚለው ይህን ነው፦ ሰው ኃጢአት ሊሠራ እጁን በሚዘረጋባት ቅጽበት እንኳ እጁን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ከላይ እየፈሰሰለት ነው። የኢዮርብዓም እጅ እንደ ደረቀች ማድረቅ ይቻል ነበር፤ አላደረቀውም። ተሰድቦም መስጠቱን አላቋረጠም። ሰውም እንዲሁ፣ የሚሰጠው በጎ ነገር በተሰደበበት ቀን አይቋረጥ። ይህን በአማርኛ ስናስበው በቀጥታ ኩርፊያን ነው የሚነካው። ማኩረፍ ማለት እኮ ሰላምታን መንሳት፣ ቡና አለመጥራት፣ ስልክ አለማንሳት ነው፤ ቀድሞ ይፈስ የነበረውን መዝጋት። ስለዚህ የሳምንቱ ልምምድ እንዲህ ይሁን። አንድ ሰው ምረጡ፣ ለዚያ ሰው ከዚህ በፊት ታደርጉለት የነበረ አንድ ትንሽ ነገር ምረጡ፣ ቅር በተሰኛችሁበት ቀን ያችን ነገር አታቋርጡ። አዲስ ቸርነት መጨመር አያስፈልግም። «ይኸው እያኮረፍኩህ እንኳ…» ብሎ ማሳወቅም የለም፤ ያኔ ውለታ ይሆንና ነገሩ ይበላሻል። ሌላው ስሕተት ይህን ለሚደበድብ ወይም ለሚያጭበረብር ሰው ማዋል ነው። ምሕረት ብቻውን አይበቃም፤ ኮርዶቬሮም ከዚህ ምዕራፍ በኋላ ዘጠኝ ምዕራፍ ጨምሯል።

መንፈሳዊ እድገት በምን ይታወቃል ለሚለው የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም፦ ከተሰደብኩ በኋላ ሰላምታዬ ስንት ቀን ዘገየ? ቀኑ በደብተር ይጻፋል። ሕልም፣ ብርሃን፣ የተደጋገመ ቁጥር አይጻፍም። ሌሊት እየነቃ፣ እየጾመ ለብቻው ስሞችን የሚያሰላስል ጀማሪ እንቅልፉ ሲዛባና ድምፅ መስማት ሲጀምር «ደረጃ ደረስኩ» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ያን ጊዜ መጽሐፉ ይዘጋል፣ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል።

ካባላ ከአርባ ዓመት በፊት አይነካም ሲባል ስለሚሰማ «አርባ ዓመት ሳይሞላኝ ይፈቀድልኛል ወይ?» የማይጠይቅ የለም። ኮርዶቬሮ የጀመረው በ20 ዓመቱ ነው፤ ሌላው የጽፋት ታላቅ ሊቅ ይስሐቅ ሉሪያ ደግሞ በ1572 ሲሞት 38 ዓመቱ ነበር። የዕድሜው ገደብ የጠበቀው በደረሰ ጉዳት ምክንያት ነው። ሻብታይ ጽቪ በካባላ ቋንቋ መሲሕ ነኝ ብሎ ሕዝቡን ካንቀሳቀሰ በኋላ በ1666 ሰለመ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የሻብታይን መንገድ የቀጠለው የያዕቆብ ፍራንክ ተከታዮች ተነሡ። በ1756 በብሮዲ (በዛሬዋ ዩክሬን) የተሰበሰቡ ራቢዎች ዞሃርን ከ30 ዓመት፣ የሉሪያን ጽሑፎች ከ40 ዓመት በታች ላለ ሰው ከለከሉ። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ ቶሜር ዴቮራን ለማንበብ ዕድሜ አይጠየቅም፣ የሉሪያን ግን ያለ መምህር በ50 ዓመትም አይነካም። «ጽምጹም» (አምላክ ዓለምን ሊፈጥር ራሱን መሰብሰቡ) የሚለውን ቃል እንደ ቦታ መልቀቅ በቁሙ የወሰደ ሰው አምላክ የሌለበት ቦታ አለ ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል፤ በዚህ ላይ ሊቃውንቱ ራሳቸው ተከራክረዋል።

ስለ ስሞችና ስለ ክታብ። እኛ ዘንድ «አስማት» የሚለው ቃል በግእዝ ስሞች ማለት ነበር፤ ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በካባላም ያው መንገድ አለ፣ «ተግባራዊ ካባላ» ይባላል፤ ሉሪያ ግን ቤተ መቅደሱና ከርኩሰት የሚያነጻው የቀይ ጊደር አመድ በሌሉበት ዘመን ማንም አይንካው ብሏል። ክታብ እጽፋለሁ የሚል፣ ለጥበቃ ቀይ ክር የሚቸበችብ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ሳይጨርስ ሙሉ የዞሃር ጥራዝ ግዙ የሚል መምህር ካጋጠማችሁ ውጡ። ደህና መምህር መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የሳምንቱን የኦሪት ክፍል ማንበባችሁን ነው።

ፊደል ቆጠራም፣ ጌማትሪያ ማለቴ ነው፣ ወደዚያው ይንሸራተታል። በዕብራይስጥ «ኤሓድ» (አንድ) 13 ነው፣ «አሃቫ» (ፍቅር) 13 ነው፣ ሲደመሩ 26፣ ይህም ባለ አራት ፊደሉ የአምላክ ስም ቁጥር ነው። ያምራል፣ ለማስታወስም ይረዳል። ማስረጃ ግን አይሆንም፤ በቂ ጊዜ ያለው ሰው ማንኛውንም ቃል ከማንኛውም ጋር ያስተካክላል። በአማርኛ የተጻፈ ስማችሁን በዕብራይስጥ ቁጥር ማስላት ደግሞ ካባላ አይደለም፣ የዐውደ ነገሥት ሒሳብ ነው።

ልምምዱን በዓመቱ ዑደት ማሰር የፈለገ ጀማሪ ከዖሜር ቆጠራ የተሻለ አያገኝም። ከፔሳሕ (ከአይሁድ ፋሲካ) ሁለተኛ ምሽት ጀምሮ 49 ቀን ይቆጠራል፣ 50ኛው ሻቩኦት፣ የሳምንታት በዓል ነው። ከሄሴድ እስከ ማልኩት ያሉት ሰባቱ እርስ በርሳቸው ሲባዙ 49 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ቀን ጥምር አለው። ሰንጠረዥ አያስፈልግም። ከቀኑ ቁጥር አንድ ቀንሱና ለሰባት አካፍሉ፤ ድርሻው ሲደመር አንድ ሳምንቱን፣ ቀሪው ሲደመር አንድ ቀኑን ይሰጣል። 33ኛው ቀን፦ 32 ለሰባት ሲካፈል 4፣ ቀሪው 4። አምስተኛ ሳምንት፣ አምስተኛ ቀን፣ ሆድ በሆድ ውስጥ። ላግ ባዖሜር የሚባለው የ33ኛው ቀን በዓል ይህ ነው።

ጥምሩ በሥራ ካልተተረጎመ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። 2ኛው ቀን ጌቩራ በሄሴድ ውስጥ ነው፦ ለቤተሰብ የምትልኩትን ገንዘብ ቁጥሩን ወስኑ፣ መላኩን አትተዉ። 8ኛው ቀን ሄሴድ በጌቩራ ውስጥ ነው፦ ዘንድሮ የማትልኩ ከሆነ ዛሬ ደውላችሁ ንገሩ፣ ሰው በተስፋ አይቀመጥ። አንዱ ገደብ ያለው ስጦታ ነው፣ ሌላው ቸርነት ያለው ክልከላ። እነዚህን ሁለት ቀናት ሳይለዩ ወደ ሦስተኛው ሳምንት መሄድ አያዋጣም።

ከቆጠራው በኋላ የሚነበበው መዝሙር 67 ነው፤ በዕብራይስጥ አርእስቱን ትቶ 49 ቃላት አሉት። በግእዝ ዳዊት 66 ላይ ነው የምታገኙት። በዕብራይስጡ ከ11 እስከ 113 ያሉት መዝሙሮች በእኛ ቁጥር አንድ ይቀንሳሉና የተሳሳተውን እንዳታነቡ። የቤተ እስራኤል አያቶች ቆጠራውን የሚጀምሩት ከፔሳሕ ሳምንት ማግሥት ስለነበረ ሻቩኦታቸው በዕብራይስጡ ወር በሲቫን 6 ሳይሆን በ12 ይውል ነበር። በዓላቸው ስግድም ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) ተቆጥሮ በ50ኛው ቀን፣ በሔሽቫን ወር 29 ይውላል። ስለዚህ ሃምሳ መቁጠር ለአያት አዲስ አይደለም፤ አዲሱ የሴፊሮቱ ጥምር ነው።

የሚቆጠረው ኮከብ ከወጣ በኋላ ቆሞ ነው፣ መጀመሪያ ቡራኬው፣ ከዚያ ቁጥሩ። ማታ የረሳ በነጋታው ቀን ላይ ያለ ቡራኬ ይቆጥርና በማግሥቱ ምሽት እንደ ወትሮው ይቀጥላል። አንድ ቀን ሙሉ ያመለጠው እስከ መጨረሻው ያለ ቡራኬ ይቆጥራል፤ ተበላሸ ብሎ መተው የለም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ገና ሳትቆጥሩ፣ አንድ ሰው «ዛሬ ስንተኛው ነው?» ቢላችሁ ቁጥሩን አትንገሩት፤ ከተናገራችሁ ቆጥራችኋልና ቡራኬው ያልፋችኋል። «ትናንት 12 ነበር» በሉት።