የብሬመን አራቱ እንስሳትና የገበያ መንገዶቿ

ከሃምቡርግ በባቡር ወደ ሰሜን ጀርመኗ ከተማ ወደ ብሬመን ከመነሣቴ በፊት ያደረግሁት ዝግጅት የጀርመን ተረት ሰብሳቢዎቹን የወንድማማቾቹን የግሪሞችን ተረት እንደ ገና ማንበብ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝም ይኸው ነው። በተረቱ ውስጥ በእርጅና ምክንያት ጌቶቻቸው ሊያስወግዷቸው ያሰቡ አህያ፣ ውሻና ድመት፣ ለወጥ ሊታረድ ከተቃረበ አውራ ዶሮ ጋር በብሬመን ሙዚቀኛ ሆነው ለመኖር ይነሣሉ፤ ዳሩ ግን ጫካ ውስጥ ወንበዴዎችን በጩኸታቸው አባርረው በወንበዴዎቹ ቤት ስለሚቀሩ ከከተማዋ ፈጽሞ አይደርሱም። ብሬመን መንገድ ላይ የቀሩባትን እንግዶች በማዘጋጃ ቤቷ ጥግ አቁማ መቀበሏ ልቤን ነክቶታል።

ገርሃርድ ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1953 ከነሐስ የሠራው ይህ የአራቱ እንስሳት ሐውልት ቁመቱ 2 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ግዙፍ ነገር የሚጠብቅ ሰው ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ሌላው አካሉ ጠቁሮ ሳለ የአህያው የፊት እግሮች ግን ሰው ሲዳስሳቸው ኖሮ ወርቅ መስለዋል። ስለት የሚሳል ሰው ሁለቱንም እግሮች በሁለት እጁ መያዝ አለበት ይባላል። በማለዳ በመድረሴ ያለ ግፊያ ቀርቤ ለማየት ችያለሁ። ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው በገበያው አደባባይ፣ ከምክር ቤቱ ፊት ለፊት መሬት ላይ ያለውን የነሐስ ክዳን ይፈልግ፤ ሳንቲም ሲጨመርበት ከአራቱ እንስሳት የአንዱ ድምፅ ይሰማል፣ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ይውላል።

ከቡና አገር ለመጣ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው «በትቸርሽትራሰ» የሚባለው መንገድ ነው። ርዝመቱ ከ100 ሜትር ብዙም የማያልፈውን ይህን የቀይ ጡብ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1931 ያሠራው፣ ካፌይኑ የወጣለትን ቡና ለገበያ ያቀረበው ነጋዴ ሉድቪግ ሮዘሊየስ ነው። በሁለት ጣሪያዎች መካከል የተሰቀሉት 30 የማይሰን ከተማ ፖርሴሊን (ነጭ ሸክላ) ደወሎች በሞቃቱ ወራት ከቀትር ጀምሮ በየሰዓቱ ስለሚደወሉ፣ ጉብኝቱን ከዚያ ጋር ማስማማት ይበጃል። ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ ያለው ሽኖር ሰፈር ደግሞ የጥንት ዓሣ አጥማጆችና የእጅ ባለሙያዎች ቤቶች የተደረደሩበት ነው፤ መተላለፊያዎቹ እጅግ ጠባብ በመሆናቸው ሻንጣና ከረጢት ተሸክሞ መግባት ያስቸግራል።

ስለዚህ ልብስና ጫማ የሚሸጡ ትልልቅ መደብሮች ያሉበትን፣ በመግቢያው የነሐስ አሳማዎችና እረኛቸው የቆሙበትን ዞገሽትራሰ የተባለውን መንገድ ወደ ባቡር ጣቢያው ስመለስ እንዲደርሰኝ ለመጨረሻ አቆየሁት። በጀርመን እሑድ አብዛኞቹ ሱቆች ዝግ ስለሆኑም የሄድሁት ቅዳሜ ነው።