ገጣሚን በጭብጨባ ብቻ አንሸኝም

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ሐበሻው ብዙ ነው፤ ሕንዱም፣ ፓኪስታኒውም፣ ባንግላዴሹም እንዲሁ። ቅመም ከሱቃቸው እንገዛለን፤ ግጥማቸውን ግን አንሰማም ነበር። ይሄ ስለቆጨኝ ግጥም ወዳድ ጓደኞቼን አሰባስቤ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የደቡብ እስያ ዲያስፖራ ገጣሚዎችን ምሽት ማዘጋጀት ጀመርኩ።

የጀመርነው በሕንድ ተወላጇ ገጣሚ በሚና አሌክሳንደር ግጥሞች ነው። በ1951 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሕንድ፣ አላሃባድ ተወልዳ፣ በደቡብ ሕንዷ ኬረላና በካርቱም መካከል እየተመላለሰች አደገች። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ የገባችው በ13 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ግጥሞቿም እዚያው ሱዳን በዐረብኛ ተተርጉመው ወጡ። በ2018 ኒውዮርክ ውስጥ አረፈች። ካርቱም ስል የጓደኞቼ ጆሮ ቆመ፤ ከመካከላችን በዚያ በኩል የመጣ አይጠፋማ። ኬረላ ስል ደግሞ ትልልቆቹ በጃንሆይ ዘመን ያስተማሯቸውን ሕንዳውያን መምህራን አነሱ። የማይታወቅ ገጣሚ ስታስተዋውቁ ሽልማቱን ከመደርደር እንዲህ የምትገናኙበትን ቦታ ፈልጉ።

ከሁሉም የደከምኩበት አድማጩን ማዘጋጀት ነው። አንድ ምሽት በሙሉ ለጋዛል ሰጠን። ጋዛል ሁለት ሁለት መስመር እየሆነ የሚሄድ ግጥም ነው፤ እያንዳንዱ ጥንድ ራሱን ችሎ ይቆማል። ጥንዱ ሲዘጋ ያው ቃል ይመለሳል፤ ከቃሉ በፊት ያለው ድምፅ ደግሞ ቤት ይመታል። በመጨረሻው ጥንድ ገጣሚው የራሱን ስም ያስገባል። በካሽሚር ያደገው፣ በ2001 አሜሪካ ያረፈው አጋ ሻሂድ አሊ ይህ ሕግ በእንግሊዝኛም ሳይሸራረፍ እንዲጠበቅ የታገለ ገጣሚ ነው። ከጋዛሎቹ አንዱ ጥንዱን ሁሉ «ዛሬ ማታ» እያለ ይዘጋል።

የዚያን ምሽት እንግዳችን ገጣሚ፣ የፓኪስታኗ ከተማ የላሆር ልጅ ነበረች። ከማንበቧ በፊት የሙሻይራን፣ የግጥም ጉባኤያቸውን ወግ አስረዳችን። አድማጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ገጣሚዋ የመጀመሪያውን መስመር ትደጋግመዋለች፤ ሰው ያጣጥመዋል። ተመላሹ ቃል ሲመጣ አዳራሹ አብሯት ይለዋል፤ «ዋህ ዋህ!» የሚል አድናቆት ይከተላል። ሦስተኛው ጥንድ ላይ የኛም ሰዎች ገባቸው። ቅኔ ቤት የቆዩ አንድ አባት ከኋላ «ይበል!» አሉ። ቀና ብላ ፈገግ አለችና መስመሩን ደገመችላቸው።

ስለ ገንዘብም በግልጽ ልናገር። «መድረክ እንሰጥሻለን» ማለት ክፍያ አይደለም። እኛ ቀድመን እናዋጣለን፤ መጠኑንም ስንጋብዝ እንናገራለን። መጽሐፉ በር ላይ ይሸጣል። መግዛት ያልቻለ ቤተ መጻሕፍቱ እንዲገዛው ጥያቄ ያስገባል። የግጥም መጽሐፍ ብዙ ስለማይሸጥ እያንዳንዱ ቅጂ ለውጥ አለው።

ሁሉንም «ሕንዶቹ» ብሎ መጠቅለልም ይቅር። የስሪላንካ ታሚል አለ፣ ኔፓላዊ አለ። ቅድመ አያቶቹ ከ1838 ጀምሮ በኮንትራት ለሸንኮራ እርሻ ከሕንድ ወደ ደቡብ አሜሪካዋ ጉያና የተወሰዱም አለ። ማስታወቂያ ከማተማችን በፊት እንዴት እንደምናስተዋውቃቸው ራሳቸውን እንጠይቃለን። ስለ ናፍቆት ብቻ አንብቡልን አንልም። ላሆር ተወልዳ ግላስጎው ያደገችው ገጣሚ ኢምቲያዝ ዳርከር ስለ ስስ ወረቀት የጻፈችው ግጥም የእንግሊዝ ተማሪዎች የሚያጠኑት ነው።

አሁን የአማርኛ ገጣሚዎቻችን ለሚቀጥለው ምሽት ጋዛል እየሞከሩ ነው። ተመላሹን ቃል የመረጠችልን ያቺው የላሆር ልጅ ናት፤ ለዚህም ይከፈላታል።