ፎቁን የሚወስነው ከፊታችሁ ያለው መንገድ ነው

ገርጂ ውስጥ ከወላጆቻችን የወረስነው ግቢ ነበረን። አንድ ቪላ፣ ከጀርባው ሰርቪስ ቤቶች፣ ጥግ ላይ የአቮካዶ ዛፍ። እኔና ወንድሞቼ ተማክረን፣ ከጎረቤታችን ይዞታ ጋር አቀላቅለን፣ ሁለት ቤዝመንት ያለው ጂ+9 ሠራንበት። ታች ሱቅ፣ መሐሉ ቢሮ፣ ላይኛው አፓርታማ ነው። ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ብሩን ከየት አመጣችሁት?" ብሎ ነው። እሱን ባንካችን ይመልስ። እኔ የማወራችሁ ስለ ፈቃዱ ነው። ፋይሉን በብብቴ ይዤ ከቢሮ ቢሮ የዞርኩት እኔ ነኝና።

አዲስ አበባ ላይ ስንት ፎቅ እንደምትሠሩ የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም። አርክቴክታችሁም አይደለም። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመት የተዘጋጀ የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን አለ። ሰፈራችሁ ለመኖሪያ ነው ወይስ ለቅይጥ አገልግሎት የተባለው? ከፊታችሁ ያለው መንገድ ስንት ሜትር ተብሏል? ይዞታችሁ ስንት ካሬ ነው? ፎቁ የሚወጣው ከዚህ ነው። ጎረቤት ጂ+12 ሠራ ብሎ ጂ+12 ማስነደፍ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው። እሱ ያለው ዋናው አስፋልት ዳር ነው፣ እናንተ ውስጥ ለውስጥ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችን ዲዛይን ማሠራት አልነበረም። የፕላን ስምምነት መጠየቅ ነበር። ካርታችሁን ይዛችሁ ታመለክታላችሁ። እዚያ መሬት ላይ ምን እንደሚፈቀድ፣ ከፍታው እስከ የት እንደሆነ፣ ከወሰን ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ ይነገራችኋል። የማውቃቸው ብዙ ሰዎች ግን የሚጀምሩት ከጫፉ ነው። መጀመሪያ ስሪዲ ያሠራሉ። መስታወቱ የሚያብለጨልጭ ሥዕል ሳሎን ይሰቀላል፣ ለዘመድ ሁሉ በቴሌግራም ይላካል። ከዚያ የፕላን ስምምነቱ ሲመጣ ላዩ ላይ ያለው ፎቅ ይቆረጣል፤ ለአርክቴክቱም እንደገና ይከፈላል።

የኛ መልስ ሲመጣ ደስታና ድንጋጤ አብረው መጡ። ደጃፋችን ላይ ያለው ኮብልስቶን ሁለት መኪና በግድ የሚያሳልፍ ነው። ፕላኑ ላይ ግን ሰፊ መንገድ ነው። ስለዚህ የግቢያችን የፊት ክፍል ለመንገድ ይሄዳል። ታላቅ ወንድሜ "አባባ በላቡ ያገኘውን መሬት ለመንገድ ልንሰጥ ነው?" ብሎ ቱግ አለ። ቁጭ ብለን በወረቀት አሰላነው። መንገዱ ፕላኑ ላይ ያን ያህል ሰፊ ባይሆን ኖሮ ይህን ፎቅ ማን ይፈቅድልን ነበር? ከፊት የሄደው ወደ ላይ ተመለሰልን። ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላመነም።

በነገራችን ላይ "ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ አርባ" የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ። ብዙ ሰው ይህን በግቢው ልክ ያሰላዋል። ስሌቱ የከተማ ነው። የእናንተን መሬት የሚመለከተው የፕላን ስምምነታችሁ ላይ የተጻፈው ነው።

ከመንገዱ የተረፈው ቦታ ደግሞ ለብቻው አልበቃንም። መኪና ወደ ቤዝመንት የሚወርድበት ራምፕ ያስፈልጋል። ሁለት ደረጃ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለእሳት አደጋ ማምለጫ ነው። ሊፍት አለ። ከጎረቤት ወሰን መራቅ አለ። ይህ ሁሉ ተነስቶ የሚከራየው ቦታ ሲለካ እጅ የሚያክል ነው። ያለን አማራጭ ከጎረቤት ጋር መቀላቀል ነበር።

ጎረቤታችን ትልቅ እናት ናቸው። ልጅ ሆነን ኳሳችን ግቢያቸው ሲገባ ቀዳደው ይመልሱልን ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ ነገሩን ከወንድሜ ይልቅ እኔ እንድጀምረው ተወሰነ።

"ልጄ፣ እኔ ፎቅ ምን ያደርግልኛል? ጉልበቴን ታውቀው የለ።"

"እማማ፣ ሊፍት አለው እኮ።"

"መብራት ሲጠፋስ?"

ይቺ ጥያቄ ዲዛይኑን ቀየረችው። ጄኔሬተሩ ሊፍቱን እንዲያነሳ ተደረገ። የእርሳቸው መኖሪያ ከአፓርታማዎቹ ተነጥሎ አንደኛ ፎቅ ላይ ሆነ። በመሬታቸው መጠን ድርሻቸው ተሰልቶ ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራረምን። ከዚያ በፊት ግን የሁለታችንም ካርታ ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑን አረጋገጥን። የሁለታችንም ነባር ይዞታ ነበር፣ በሊዝ የተገኘ አይደለም። አንዱ ነባር፣ ሌላው ሊዝ ቢሆን ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። በኛ በኩል የወራሽነት ማረጋገጫውም ከፍርድ ቤት ወጥቶ፣ ስሙ ዞሮ አልቆ ነበር። ይህን ሳይጨርሱ ስለ ፎቅ የሚያወሩ ወራሾች አሉ። ቤተሰብ የሚበተነው እዚያ ጋ ነው።

ገርጂ ለቦሌ አየር ማረፊያ ቅርብ ነው። ስለዚህ ከፍታው የሲቪል አቪዬሽንም ጉዳይ ነው። እነሱ የሚያስቡት እንደኛ በፎቅ ቁጥር አይደለም፣ ከባሕር ወለል በላይ ባለው ከፍታ ነው። አየር ማረፊያው ራሱ ያለው ከ2300 ሜትር በላይ ነው። የእናንተ መሬት ጉብታ ላይ ከሆነ ያው ጂ+9 ከታችኛው ሰፈር ጂ+9 ይበልጣል። የሚቆጠረው ደግሞ እስከ ጫፍ ድረስ ነው። የሊፍቱ ማሽን ክፍል፣ ሮቶው፣ አንቴናው ሁሉ ይደመራል። እኛ ቀያሽ ቀጥረን የመሬቱን ከፍታ ቀድመን አስለካን፤ አርክቴክቱም ሮቶዎቹን ከጣሪያው ጫፍ ዝቅ አድርጎ አስቀመጣቸው።

የአፈር ምርመራ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን አንድ ነገር ልበል። የጎረቤትን ሪፖርት ስም ቀይሮ የሚያቀርብ ሰው አለ። የኛ ሰፈር ላዩ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ድንጋዩ የሚገኝበት ጥልቀት ከግቢ ግቢ ይለያያል። የስትራክቸር መሐንዲሱ መሠረቱን የሚያሰላው በዚህ ወረቀት ነው። አስቆፍሩ።

አሁን ወደ ዋናው። እኛ ፈቃዱን ስናወጣ በሥራ ላይ በነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 መሠረት ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ምድብ "ሐ" ነበር። ጂ+9 ከ30 ሜትር ያልፋል። አርክቴክቸራል፣ ስትራክቸራል፣ ሳኒተሪ (የውሃና የፍሳሽ) እና ኤሌክትሪካል ዲዛይኖች ይቀርባሉ፣ እያንዳንዱ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተፈርሞ። እዚህ ላይ ነው ሰው "ቢሮክራሲ" ብሎ የሚራገመው። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ከፋይሉ ብዙው የሚመለሰው አራቱ ዲዛይኖች እርስ በርስ ስለማይተዋወቁ ነው።

ተራ ስጠብቅ ከፊቴ የነበረው ባለጉዳይ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ዲዛይኖቹን የምታየው መርማሪ ወጣት ልጅ ናት፣ ነጭ ጋዋን ደርባለች። የአርክቴክቸሩን የቤዝመንት ወረቀት አነጠፈች። የስትራክቸሩን ከላዩ ደረበች። ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ ይዛ ተነሳችና መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፈቻቸው። ብርሃን ሲያልፍባቸው አንድ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ከራምፑ መሐል ቁጭ ብሏል። "መኪናው በየት በኩል ሊያልፍ ነው ጋሼ?" አለችው። ሰውየው ወደ መሐንዲሱ ዞረ፣ መሐንዲሱ ወደ ጣሪያው። ፋይሉ ተመለሰ።

እኔ ያን ዕለት ማታ አርክቴክታችንንና የስትራክቸር መሐንዲሳችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ሰዎችም መጡ። ወረቀት በወረቀት ደራርበን አየን። የፍሳሽ ቱቦ ቢም (ወለሉን የሚሸከመውን አግዳሚ) እየበሳ የሚያልፍበት ቦታ ተገኘ፤ የትራንስፎርመር ክፍሉም በር መኪና መቆሚያ ላይ ይከፈታል። ሁሉም ተስተካክሎ ነው የገባው። የኛ ፋይል የተመለሰው በጥቃቅን አስተያየት ብቻ ነበር። ዲዛይኑን ለአንድ አማካሪ ድርጅት ብትሰጡ እንኳን እንዲህ አብሮ መቀመጥን ጠይቁ። አንድ ድርጅት ነው ማለት እርስ በርስ ይነጋገራሉ ማለት አይደለም።

ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ መቼም አይጠፋም። በር ላይ ቆሞ "ጋሼ፣ በሁለት ሳምንት አወጣልሃለሁ" ይላል። እጅ መንሻው ወንጀል መሆኑን እንተወውና፣ ሰውየው የሙያ ጥያቄ መመለስ አይችልም። "የቢሙ ጥልቀት ለምን ይህ ሆነ?" ሲባል ምን ሊል ነው? ያንን ብር ለአማካሪያችሁ ጨምሩለት።

ችግር አልገጠመንም አልልም። አንድ ቢሮ ውስጥ ፋይላችን ተሰወረ። "ሲስተም የለም"፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ "ነገ ተመለስ" የምታውቁት ነው። ያዳነን አንድ ልማድ ነው፤ የማስገባውን ደብዳቤ ሁሉ በሁለት ኮፒ ይዤ፣ በኔ ቀሪ ላይ ቀንና ማኅተም አስመታ ነበር። ቀሪውን ሳሳይ "አልገባም" ማለት አልተቻለም። አዋጁ ቅሬታ የሚታይበት የይግባኝ ሰሚ ቦርድ እንዳለው ደግሞ በደብዳቤው ግርጌ በትሕትና ጠቀስኩ። ፋይሉ ተገኘ። ጩኸት አላስፈለገም።

ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ቁፋሮው ነው የሚያስፈራው። በየክረምቱ አፈር ተንዶ የቀን ሠራተኞች ሞቱ የሚል ዜና እንሰማለን። እኛ የቆፈርነው ከመስቀል በኋላ፣ መሬቱ ሲደርቅ ነው። ዙሪያውን አፈሩ እንዳይናድ የሚይዝ ሾር ፓይል አስደረግን። ኮንትራክተሩ "ለሁለት ቤዝመንት ይሄ ብክነት ነው" ብሎ ነበር። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የዙሪያ ጎረቤቶችን ቤት ከነባለቤቶቹ ዞርን፤ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ሜትር አስጠግተን በቪዲዮ ቀረጽን። አንድ ጎረቤት ከወራት በኋላ "ግድግዳዬን ሰነጠቃችሁት" ብለው መጡ። ቪዲዮውን አብረን አየን። አንዱ ስንጥቅ የድሮ ነበር፣ አንዱ ግን አዲስ። አዲሱን አሠራንላቸው፤ ቡና ጠጥተን ተለያየን።

ግንባታው መሐል ላይ ከተማው ተቀየረብን። በ2016 የኮሪደር ልማት መጣ፤ የሕንፃ ፊት፣ ቀለምና የማታ መብራት ዋና አጀንዳ ሆነ። ሐምሌ 2016 ደግሞ ብር በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ሊፍቱን ቀድመን አዘን ስለነበር ተረፍን፤ አሉሚኒየሙ ግን አቃጠለን። እዚህ ላይ ወንድሜ "አንዱን ቤዝመንት መጋዘን አድርገን እናከራየው" አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። ፈቃዱ የወጣው ለመኪና ማቆሚያ ነው። ቤዝመንታቸውን ሱቅና መጋዘን ያደረጉ ሕንፃዎች ታሽገው ወደ ፓርኪንግ ሲመለሱ በዓይናችን አይተናል። ከጸደቀው ወረቀት የሚለይ ነገር ካሰባችሁ፣ ከመሥራታችሁ በፊት የማሻሻያ ፈቃድ ጠይቁ።

ታኅሣሥ 2017 ላይ የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሲያወዛውዝ ሕንፃው ቆሟል፣ ፊኒሺንግ ላይ ነበርን። በማግስቱ የስትራክቸር መሐንዲሱን ጠርቼ ከቤዝመንት እስከ ጣሪያ ኮለን በኮለን አየነው። ሺር ዎሎቹን፣ ማለት ሕንፃው ሲወዛወዝ የሚይዙትን ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳዎች፣ "ለምን አይሳሱም?" ብለው የተከራከሩት ወንድሜና ኮንትራክተሩ ያን ቀን ድምፃቸው አልተሰማም።

ምድብ "ሐ" ሕንፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳይወጣ ሰው አይገባበትም። ሊያዩ የመጡት ባለሙያዎች የእሳት ማጥፊያውን ውሃ አስከፍተው አዩ። የዊልቸር መውጫውን ቁልቁለት ለኩ። የማምለጫ ደረጃው በር ወደ ውጭ እንደሚከፈት ፈተሹ። አንድ ቦታ ላይ ሠራተኞቹ ያን በር በጣውላ አሽገውት ነበር፤ እዚያው አስነሱን።

አሁን የቀረኝ ሥራ ተከራዮችን መቆጣጠር ነው። ባለፈው የታችኛው ካፌ ባለቤት ቦታ ጠበበኝ ብሎ "ይችን ግድግዳ ብናፈርሳትስ?" አለኝ። ያሳየኝ ሺር ዎሉን ነው። የጸደቀውን የስትራክቸር ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ወንበሮቹን ወደ በረንዳው ማውጣት ይሻላል ብሎ ሄደ።