የእናቴን የብር ጌጦች ያጸዳሁበትና የማስቀምጥበት መንገድ

እናቴ ካረፈች በኋላ የብር ጌጦቿ ወደ እኔ መጡ፤ አንድ የአንገት መስቀል፣ ጥንድ አልቦ፣ አንድ ድሪና አንድ ጠገራ ብር ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ከሚገኘው ቤቴ ሳደርሳቸው፣ ሙቀትና ክብር ያገኛሉ ብዬ ከአያቴ አሮጌ የሱፍ በርኖስ በቀረ ቁራጭ ጠቀለልኳቸው፤ ጥቅሉንም በገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ አሥሬ ሣጥን ውስጥ አኖርኳቸው። ላስቲኩ ስለተረፈ ቀሪውን መስቀሉ ላይ ጠመጠምኩት። ወሩ ሰኔ ነበር። በመስከረም፣ ለደመራ ዋዜማ ሣጥኑን ስከፍት፣ ነጩ ብር ቡናማና ጥቁር ሆኖ ጠበቀኝ፤ በመስቀሉ ወገብ ላይ ደግሞ ላስቲኩ የዞረበት ቦታ በከሰል የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ይዞ ነበር።

ደንግጬ ወዲያው በጥርስ ሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት። ጥቁሩ ለቀቀ፤ ነገር ግን መስቀሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳዞረው ፊቱ በጥቃቅን ጭረት ተሞልቷል፤ በክንፎቹ ላይ በጥንቃቄ የተቀረጸው ሐረግም ከጠርዙ ደብዝዟል። እናቴ ስትጸልይ በአውራ ጣቷ የምትዳስሰው ሐረግ ነበር። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

መስቀሉን ይዤ ወደ አንድ ሽማግሌ ብር ሠሪ ሄድኩ። አገላብጠው አዩትና፣ «ልጄ፣ ጥቁሩ እኮ ራሱ ብር ነው፤ ጥቁሩን ፍቀሽ በጣልሽ ቁጥር ብሩን ነው የምትጥይው» አሉኝ። ነገሩን ከዚያ በኋላ በደንብ ስመረምረው፣ ብር የሚጠቁረው ከአየርና ከዕቃ የሚያገኘው ድኝ ከላዩ ጋር ሲዋሐድ መሆኑን፣ እርጥበትም ይህን እንደሚያፋጥነው ተረዳሁ። ሱፍ በተፈጥሮው ድኝ አለበት፤ የጎማ ላስቲክም ሲሠራ ድኝ ይገባበታል። እኔ እንግዲህ ጌጡን በክረምቱ እርጥበት፣ ከሁለት ወገን በድኝ ከብቤ አስቀምጬው ኖሯል። እንቁላልና ሽንኩርትም ድኝ ስላለባቸው፣ ብርን ማድ ቤት አካባቢ ማኖር እንደማይበጅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን የማጸዳው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ማተቡን እፈታለሁ፤ ጌጡን በለብታ ውሃና በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና አጥባለሁ፤ በተለይ ጉትቻና ድሪ የፀጉር ቅቤ ስለሚይዙ ይህን ሳላደርግ ወደ ሌላው አልሄድም። ከዚያ በአንድ የሸክላ ሳሕን ውስጥ የምግብ መጠቅለያ ፎይል አነጥፌ፣ ጌጡ ፎይሉን እንዲነካ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ቤኪንግ ሶዳ አሟሙቼም እላዩ ላይ አፈስሳለሁ። ወዲያው አረፋ ይነሣል፤ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታም ይመጣል፤ ስለዚህ መስኮት እከፍታለሁ። ሽታው ድኙ ብሩን እየለቀቀ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ብሩ ግን ሳይፋቅ በቦታው ይቀራል። መስቀሉ ላይ የነበረው የላስቲክ መስመር ብሩሹን አልፎ በሥሱ ቀርቶ ነበር፤ በዚህ ውሃ ውስጥ ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ጭረቱ ግን አለ፤ እሱን የሚመልስ ውሃ የለም። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ፣ በአሮጌ የነጠላ ቁራጭ አንዲት ጠብታ እስከማትቀር አደርቃለሁ።

አልቦዎቹን ግን እዚህ ውሃ ውስጥ አላስገባቸውም። ቅርጻቸው ጎልቶ የሚታየው በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ጥቁረት ከላዩ ንጣት ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ውሃው ሁሉንም አንጥቶ ውበታቸውን ያጠፋዋል። የላያቸውን ብቻ በደረቅ ጨርቅ አብሳለሁ። ወርቅ ቅብ የሆነና ዶቃ ወይም ሙጫ ያለበት ጌጥም እንዲሁ መነከር የለበትም። ጠገራ ብሩንም አላጸዳውም፤ ማርያ ቴሬዛ ያለችበት፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ገንዘብ ነው፤ ቢፈተግ ጽሑፉ ይሳሳል። ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። በአገራችን ብዙው የድሮ ጌጥ ከቀለጠ ጠገራ የተሠራ ስለሆነ፣ የእናቶቻችን ብር ቶሎ መጥቆሩ አንዱ ምክንያት ይህ መዳብ ይመስለኛል። ብዙ ቤት አሁንም በአመድና በሎሚ ይታሻል፤ አመድ ውስጥ አሸዋ ስለማይታጣ እኔ ትቼዋለሁ። በረኪና ደግሞ ብርን ስለሚያጠቁርና ስለሚበላ ፈጽሞ አይነካውም።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ እያንዳንዱን ጌጥ ለብቻው ታጥቦ በደረቀ የጥጥ ጨርቅ እጠቀልላለሁ፤ እርስ በርስ ከተነካኩ ይጫጫራሉና። ከዚያ ዚፕ ባለው የፕላስቲክ ከረጢት ከትቼ አየሩን ጨምቄ አስወጣለሁ፤ ከረጢቶቹን የማኖርበት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥም እርጥበት እንዲመጥ ሁለት ሦስት ጠመኔ እጨምራለሁ። ጠመኔውን ክረምት ሲገባ እቀይረዋለሁ። ሣጥኑ የሚቀመጠው ከኩበትና ከእንጨት ጭስ ርቆ፣ መኝታ ቤት ነው።

መስቀሉ ግን ሣጥን ውስጥ የለም። ብር ሠሪው «የሚለበስ ብር አይጠቁርም» ብለውኝ ስለነበር፣ ለልጄ አዲስ ጥቁር ማተብ ገምዼ አሠርኩላት። ሁለት ክረምት አልፏል፤ ልብሷ እየወለወለው እንደነጣ ነው፤ ማታ ማታ በነጠላ ጫፍ ከመጥረግ በቀር ምንም አላደረግሁለትም።