ድሬዳዋ ላይ ቀሪቦ ስትሠሩ «ሌሊቱን ይደር» የሚሏችሁን አትስሙ

ድሬ ላይ ከመጋቢት ጀምሮ ጠራራው አያስቀምጥም። ለስላሳ በየቀኑ መግዛት ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ለልጆቼም፣ አልኮል በአፋቸው ለማይዞር ጎረቤቶቼም የሚሆን መጠጥ እቤቴ መሥራት የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ተልባው ቀላል ነው። ገረፍ አድርጎ ቆልቶ መውቀጥ፣ በውሃ መበጥበጥ፣ ማጥለል፣ ማር ጠብ ማድረግ። ብርዝም ማርና ውሃ ነው፤ ዕለቱን ይጠጣል። ጣጣ ያለው ቀሪቦ ላይ ነው።

ግማሽ ኪሎ ገብስ ምጣድ ላይ የተቆላ ቡና እስኪመስል ይቆላል። ካረረ ይመራል፤ ካልጠቆረ ውሃ ውሃ ይላል። በ5 ሊትር ውሃ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠለላል። ግማሽ ኪሎ ስኳር ይገባበታል። ከዚያ እርሾ። እዚህ ላይ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የነገረኝ፦ «ጠርሙሱን ግጥም አድርጊና ሌሊቱን ይደር።»

ይሄ ምክር እስካሁን ያናድደኛል። ለአዲስ አበባ የተሰጠ ምክር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ብርድ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ማታም ወለሉ ይሞቃል። እርሾ ስኳሩን እየበላ ጋዝና አልኮል ያወጣል፤ በሞቀው ቁጥር ይፈጥናል። ይህን አንድም ሰው አልነገረኝም። የእርሾው ፓኬት ጭራሽ «ለብ ባለ ውሃ ቀስቅሱት» ይላል።

የመስታወት ጠርሙሶች ሞልቼ፣ ግጥም አድርጌ ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል አንዱ ፈነዳ። አረፋው ግድግዳው ላይ ነበር። ስብርባሪው የልጆቼ ጫማ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ሌሊት ውሃ ሊጠጣ የተነሳ ልጅ ቢኖርስ? አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል።

የተረፉትን ፍሪጅ ከትቼ፣ ረመዳን ስለነበር ማታ ለአፍጥር ጎረቤታችን እማማ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። እማማ በቴምር አፈጠሩ። ብርጭቆውን አነሱና ወደ አፋቸው ሳያደርሱ አሸተቱት። ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይሄማ ጠላ ሆኗል።»

መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ጾመው ለዋሉ ሰው! እሳቸው ግን ምንም ቅር ሳይላቸው አሠራሩን ነገሩኝ። «እርሾውን ዐስር ከሰገድን በኋላ ጨምሪው። መግሪብ ሲል ፍሪጅ ይግባ። ማደር የሚባል ነገር የለም።» ከዐስር (ከሰዓት በኋላ ካለው ሶላት) እስከ መግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ) ማለታቸው ነው።

እኔም ከዚያ ወዲህ እንዲያ ነው የምሠራው። ለ5 ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርሾ ይበቃል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የምበጠብጠው፣ ፓኬቱ ያሻውን ይበል። መስታወት ጠርሙስ እቤቴ አይገባም። የፕላስቲክ ሃይላንድ ይሻላል፤ ጎኑን ተጫን ስታደርጉት ይነግራችኋል። ጠንከር ማለት ሲጀምር ወዲያው ፍሪጅ። እስኪደነድን ከጠበቃችሁ አልፏል። ፍሪጅ ውስጥም እርሾው ይተኛል እንጂ አይሞትም፤ ስለዚህ በማግስቱ ያልተጠጣውን እደፋዋለሁ። መብራት ጠፍቶ ካመሸ ደግሞ ሳላቅማማ ያኔውኑ እደፋለሁ። ስኳሩ ያሳዝናል፣ ግን ለሰው ልጅ አይሰጥም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እርሾ የገባበት ነገር ትንሽም ቢሆን አልኮል ማውጣቱ አይቀርም። «ቀሪቦ ምንም የለበትም» እያሉ ለሰው ማቅረብ ልክ አይመስለኝም፤ እርሾ እንዳለበት ነግሮ ምርጫውን ለእንግዳው መተው ነው። ጭራሽ ለማይፈልግ ሰው የገብሱን ውሃ ወፈር አድርጌ አፈላለሁ፣ እርሾ አላስነካውም፣ ሲቀርብ አምቦ ውሃ እጨምርበታለሁ። ያው አረፋ፣ ያው የተቆላ ገብስ ጣዕም አለው። ለእማማ አሁን የምወስድላቸው ይሄንን ነው። ስኳር ቀነስ አድርጊልኝ ብለውኛል።