ልደቱን በውል የሰጠው ጠበቃ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ውርጩ በርትቷል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ለብሶ ነው የሚጠብቀን። ልጆቹን ግን ብርድ አይበግራቸውም። በትራቸውን ይዘው ሜዳ ከወረዱ ጥንጓን ሲያሳድዱ ይመሽባቸዋል።

ዘንድሮ ስለ አንድ የሙያ ባልደረባዬ ላጫውታችሁ። ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1850 በስኮትላንድ ኤድንብራ ተወለደ። አባቱ ለመርከበኞች የባሕር መብራት ማማ የሚሠሩ መሐንዲስ ነበሩና ልጃቸው በሙያቸው እንዲተካቸው ይመኙ ነበር። የእሱ ልብ ግን ጽሕፈት ላይ ነው። በኋላ ሕግ እንዲያጠና ተስማሙ፤ በ1875 ጠበቃ ሆነ፤ ችሎት የቆመው ግን ጥቂት ነው።

ልጅ ሳለ ሕመምተኛ ነበር። ሌሊት ሳል እንቅልፍ ሲነሳው ሞግዚቱ አጠገቡ ተቀምጣ ታሪክ ትነግረው ነበር። በ1885 ያሳተመውን የልጆች ግጥም መድበል መታሰቢያነቱን ለእሷ አድርጓል። መንዝ ባና ተከናንቦ፣ ምድጃ ዳር ተረት እየሰማ ያደገ ሰው ይህ ውለታ ምን ያህል እንደሆነ ያውቀዋል። በ1881 ደግሞ ዝናብ ቤት ባዋላቸው ሰሞን ከእንጀራ ልጁ ጋር የአንድ ደሴት ካርታ ሲሥሉ «ትሬዠር አይላንድ» የተባለው የጀብዱ ልቦለዱ ተጸነሰ። የጻፈውን ምዕራፍ ለቤተሰቡ ያነብላቸዋል፤ አባቱ ሳይቀሩ ሐሳብ ያዋጡለት ነበር።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚነካኝ ግን በሰኔ 1891 በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች በሳሞአ ሆኖ ያዘጋጀው አጭር ሰነድ ነው። እዚያ ይሠሩ የነበሩ የአንድ አሜሪካዊ ባለሥልጣን ልጅ በፈረንጆች ገና ቀን በመወለዷ የራሷ የምትለው የልደት ቀን አልነበራትም። ስቲቨንሰን ይህን ሲሰማ የገዛ ልደቱን፣ ኖቬምበር 13ን፣ በስጦታ ውል አስተላለፈላት።

በሙያዬ ዓይን ሳየው ውሉ ምንም አይጎድለውም፤ ሰጪና ተቀባይ፣ ግዴታ፣ ፊርማና ማኅተም፣ ሁለት ምስክሮችም አሉበት። ልጅቷ ቀኑን በጥሩ ልብስ፣ በመልካም ምግብና በስጦታ ታከብራለች፤ ከስሙ ወስዳ «ሉዊዛ» የሚል ስም ትጨምራለች። ልደቱ ዕድሜው ገፍቷልና በርኅራኄ ትይዘዋለች። ግዴታዋን ካፈረሰች ልደቱ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ይተላለፋል!

እኛ በዚህ ቋንቋ የምንጽፈው ስለ ወሰን፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ዕዳ ነው። እሱ ግን የአንዲት ልጅ ቅሬታ ይኸው ክብር ይገባዋል አለ። «ይህም ያስከፋል እንዴ?» ብሎ አላለፋትም፤ አቤቱታዋን ተቀብሎ ፈረደላት። የጀብዱ ታሪኮቹን ልጆች የወደዱለት፣ ለእነሱ ነገር የነበረው ይህ አክብሮት በውስጣቸው ስላለ ይመስለኛል። ውሉን ከጻፈ በኋላ ብዙ አልኖረም፤ በ1894 በ44 ዓመቱ እዚያው ሳሞአ ዐረፈ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በበዓሉ ልጆች ከሜዳ እየተጨቃጨቁ፣ «ጥንጓ ገብታለች!» «አልገባችም!» እያሉ ለዳኝነት ሲመጡ፣ የያዛችሁትን ጠላ አስቀምጡና ሁለቱንም ወገን ስሙ። ማታ ደግሞ አንድ ታሪክ ንገሯቸው፤ ካርታ ቢሥሉበትም ወረቀት አትከልክሏቸው።

ከአንኮበር እስከ መሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና እስከ ሸኖ፣ ከዚያም ወዲያ ላላችሁ ሁሉ፣ መልካም ገና! በዚሁ ቀን ለተወለዳችሁት ደግሞ ለብቻው፣ እንኳን ተወለዳችሁ!