ሞተሩ ሳይነሳ፦ ታዳጊዎችን መንገድ ማንበብ እንዴት አስተማርኩ

የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ጎንደር ውስጥ ግን ጢሙ ገና ያላቀመቀመ ልጅ ባጃጅ ይዞ ሲከንፍ ማየት ብርቅ አይደለም። ብትጠይቁት ማርሽ መለወጥም ፍሪሲዮን መልቀቅም ያውቃል። እጁ ተምሯል፤ ያልተማረው ዐይኑ ነው። ስለዚህ ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ የቤተሰብና የጎረቤት ልጆችን ስይዝ የትምህርቱን ተራ ገለበጥኩት። ሞተር ማስነሳት የመጨረሻው ሆነ፤ እሱም ከግቢ አጥር ሳያልፍ። አስፋልት ላይ ለአንዳቸውም መሪ አልሰጠሁም። ያ ዕድሜያቸው ሲደርስ የማሠልጠኛው ሥራ ነው።

ቦታው ከጎንደር መሃል ወጣ ያለው አዘዞ ነበር፤ ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ሲሆን እዚያ ሜዳ አይጠፋም። ዕቃችን ማንዋል ማርሽ ያላት ኮሮላ፣ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን፣ የተማሪ ማስመሪያ፣ ሜትርና ጠመኔ ነበር።

ወንበር ማስተካከል ቀላል ይመስላል፤ አንድ ሙሉ ሰዓት ወሰደብን። ፍሪሲዮኑ እስከ ታች ሲረገጥ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ብሎ መቅረት አለበት። ጀርባ ከመደገፊያው ሳይላቀቅ የእጅ አንጓ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ቁመታቸውን ያልጨረሱ ልጆች ወንበሩን ወደ ፊት አብዝተው ይስባሉ፤ ደረታቸው ለመሪው ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ከቀረበ ግን ኤርባጉ፣ በግጭት ጊዜ ከመሪው የሚነፋው የአየር ከረጢት፣ ሲፈነዳ ራሱ ይጎዳቸዋል። ለአጭር ልጅ መፍትሔው ጠንካራ ትራስ ነው። ቀጥሎ ተረከዝ፦ ቀኝ ተረከዝ በፍሬኑ ትይዩ ወለሉ ላይ ይተከላል፤ ወደ ነዳጅ መስጫው የሚዞረው የእግሩ ፊት ብቻ ነው። እግሩን ሙሉ በሙሉ እያነሳ የሚያዘዋውር ልጅ በደነገጠ ጊዜ ፍሬን የረገጠ መስሎት ነዳጅ ይረግጣል። “ፍሬን!” እያልኩ ለእያንዳንዳቸው በቀን 50 ጊዜ አስደገምኩ።

ሞተር ጠፍቶ ሲለማመዱ ፍሬኑ ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ ድንጋይ ይሆናል፤ ልጆቹም የሰበሩት ይመስላቸዋል። የእግርን ግፊት የሚያግዘው የፍሬኑ ሰርቮ ጉልበት የሚያገኘው ሞተሩ አየር ሲስብ ስለሆነ ነው። ይቺን አጋጣሚ አላሳለፍኳትም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ሞተር የሚያጠፋ ሾፌር የሚገጥመው ይኸው የደነደነ ፍሬን ነው፤ መሪውም ይከብደዋል፤ ቁልፉን ከነቀለ ደግሞ ጭራሽ ይቆለፍበታል። በቃል ብነግራቸው ኖሮ በማግስቱ ይረሱት ነበር፤ በእግራቸው ስላወቁት ግን አልረሱትም።

ከሁሉም ያስደነገጣቸው ጀሪካኑ ነው። አንዱ ሾፌር ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ጀሪካኑን ከኋላ መከላከያው አስጠግቶ ያቆምና በግማሽ በግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ያርቀዋል፤ የተቀመጠው በመሃሉ መስታወት አይቶ “አየሁት” እስኪል። የጀሪካኑ አናት ብቅ ያለው 9 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አንዷ ልጅ ቁመቱን በእጇ ለካችና “ይሄ እኮ መሬት ላይ የተቀመጠ ሕፃን ነው” አለች። ከዚያ ወዲህ መኪናዋን በእግሩ ሳይዞር በሩን የሚከፍት አልነበረም። ያው ልምምድ ከቆመ የጭነት አይሱዙ ፊት ሲደገም ነገሩ ይገለበጣል፦ ሾፌሩ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ አፍንጫው ስር የቆመ አጭር ልጅ አይታየውም። ይሄ ለመንዳት ሳይሆን ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ ለሚሻገሩት መንገድ ነው።

ፍሬን እስኪረገጥ የሚታለፈውን ርቀት ለማስረዳት ማስመሪያዋ ትበቃለች። ማስመሪያዋን ከላይ ይዤ፣ ልጁ ዜሮው ጋ ጣቶቹን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሳልናገር እለቃታለሁ። 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ከያዛት 0.2 ሴኮንድ ፈጅቶበታል። ቀጥሎ ስልኩ ላይ ያለ መልእክት ጮክ ብሎ እያነበበ እንዲይዛት ማድረግ ነው፤ አብዛኞቹ ወለል ላይ ስትወድቅ ነው የሰሟት። ይህ እንግዲህ እንደምትለቀቅ እያወቁ ነው። መንገድ ላይ አይቶ፣ ገምቶ፣ እግር አዛውሮ ፍሬን ለመርገጥ 1.5 ሴኮንድ ብሎ መያዝ ይሻላል።

ስሌቱን በጠመኔ መሬት ላይ አወረድነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን እስኪረገጥ 12 ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ ከተረገጠ በኋላ በደረቅ አስፋልት 5 ሜትር ያህል፤ በድምሩ 17 ሜትር ተኩል። በ60 ግን 25 ሲደመር 20፣ 45 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ መሆኑ ለልጆቹ አልዋጥ ብሏቸው ነበር፤ የ60ው መስመር ከግቢው በር ወጥቶ የጎረቤት አጥር ጋ ሲደርስ ግን ክርክሩ አበቃ። ይሄ ሁሉ ጎማው ደህና ሲሆን ነው። በክረምት መግቢያ የመጀመሪያው ዝናብ በበጋ የተጠራቀመውን አቧራና የፈሰሰ ዘይት ሲያላቁጠው፣ ወይም እግር የወለወለው ኮብልስቶን ሲርስ፣ ርቀቱ ብዙ ይረዝማል።

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ አንዱን ቀበቶ አሳስሬ ከጎኔ አስቀምጥና የሚያየውን ጮክ ብሎ እንዲናገር አደርግ ነበር። በመጀመሪያ የሚሉት “ባጃጅ፣ አህያ፣ ሰው” ብቻ ነው። ይሄ ቆጠራ ነው እንጂ ማንበብ አይደለም። የምፈልገው ቀጥሎ የሚሆነውን ነው፦ “ባጃጁ ተሳፋሪ አይቷል፣ ፍሬቻ ሳያሳይ ይቆማል።” “አንዷ አህያ ተሻግራለች፣ የቀሩት ይከተሏታል፣ ባለቤታቸው ገና ከኋላ ነው።” “ከቆመው ሚኒባስ ስር እግር ይታያል፣ ሰው ሊወጣ ነው።” እዚህ ላይ ተሳስቼ ነበር፤ እየነዳሁ ማረም ጀመርኩ፣ የእኔም ትኩረት ተከፈለ። በኋላ ሌላ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ደብተር ላይ እንዲጽፍና ቆመን እንድንነጋገር አደረግሁ። ከ15 ደቂቃ በላይ ካስኬዳችሁት ይደክማቸዋል። ደግሞ እወቁት፦ የሚያዩት መንገዱን ብቻ አይደለም። “ጋሼ፣ ፍሬቻ አላሳዩም” የሚል ከጎናችሁ ተቀምጧል።

ወደ ጎሃ ኮረብታ የሚወጣውን መንገድ በእግር ነው የሄድነው። ዳገቱን ያወጣው ማርሽ ቁልቁለቱንም ያውርድ፤ በፎሌ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ ለቆ ፍሬን ላይ መተኛት የፍሬኑን ሸራ ያግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አይዝም። መኪናዋን አቁሞ ከውስጧ ለመውጣት የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ታች ከሆነ የኋላ ማርሽ ይገባል። የፊት ጎማ ቁልቁል ሲቆም ወደ መንገዱ ጠርዝ ይዞራል፤ ዳገት ላይ ጠርዙ ከፍ ያለ ከሆነ ጎማው ወደ መንገዱ ይዞራል፣ መኪናዋ ብትንሸራተት ጠርዙ እንዲይዛት። ከዚያ ታኮ። ታኮ ማስገባት ሁሉም ያውቃል፤ ማንሳቱን ነው የሚረሱት። አስፋልት መሃል የቀረ ድንጋይ ማታ ለሚመጣ ሞተረኛ ወጥመድ ነው። ስለዚህ ያስገባው ልጅ ድንጋዩን አንስቶ ቦይ ማዶ ሳያደርስ መኪና ውስጥ እንዳይገባ ደነገግን።

ሞተር የተነሳው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ነው። አንድ ልጅ ብቻ መኪና ውስጥ፣ የእኔ እጅ የእጅ ፍሬኑ ላይ፣ የቀሩት በሙሉ በረንዳው ላይ። አንደኛ ማርሽ ብቻ፣ ነዳጅ ሳይነካ፤ ሜዳ ላይ ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ ከተለቀቀ መኪናዋ ራሷ ትሳባለች። ውኃ በተሞሉ የላስቲክ ጠርሙሶች መካከል እየሄዱ መቆም ነው፣ ሌላ የለም። እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ተረከዙን የተማረ ልጅ በሃያ ደቂቃ ይይዘዋል።

ግቢ ውስጥ ሊሟላ ያልቻለው ጨለማ ነው፤ ለእሱም አንድ ምሽት በቆመች መኪና ሞከርነው። አጭር መብራት በርቶ፣ አንዱ ነጭ ጋቢ፣ ሌላው ጥቁር ጃኬት ለብሶ ከጨለማው ወደ እኛ ይራመዳል፤ ሾፌር ወንበር ላይ ያለው ባየ ጊዜ ይጮኻል። ጋቢው ከጠመኔው 45 ሜትር ማዶ ሆኖ ታየ። ጥቁር ጃኬቱ የታየው 30 ሜትር ሳይሞላ ነው፤ በ60 ለሚመጣ መኪና አልቆለታል ማለት ነው። ጃኬቱን የለበሰው ልጅ የት ላይ እንደታየ ሊያይ ወደ መስመሩ ተመለሰ፣ ሁለት ጊዜ በእርምጃ ለካው፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጋቢውን ተውሶ ሄደ።